የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስንት ስም ነበር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የፖለቲካ ፓርቲዎች ጠቅላላ ጉባኤ ባካሄዱ ቁጥር ጋዜጣችሁ የሚያወጣቸውን ዜናዎች ለዓመታት ሳላቋርጥ ሳነብ ቆይቻለሁ። ዜናዎቹ የጉባኤውን መሪ ቃል፣ የአቋም መግለጫውንና የተመረጡትን አመራሮች ስም ከነኃላፊነታቸው ያቀርባሉ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ከሞላ ጎደል በሁሉም ውስጥ ይጎድላል፤ እርሱም ለመሪነት ስንት ሰው እንደታጨ፣ ድምፁ በእጅ ይሁን በወረቀት እንደተሰጠ፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም ስንት ስንት ድምፅ እንዳገኙ የሚናገረው ክፍል ነው። «በሙሉ ድምፅ ተመረጡ» ወይም «በአብላጫ ድምፅ ተመረጡ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይህ ለብዙ አንባቢ የፓርቲዎቹ የቤት ውስጥ ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩ አባል ያልሆነውንም ሰው እንደሚመለከት አምናለሁና ሐሳቤን በዝርዝር እንድገልጽ ትፈቅዱልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በታሪክና በሥነ ዜጋ መምህርነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ፣ ሽምብጥ ሰፈር የምኖር የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በመምህርነት ዘመኔም ሆነ ከዚያ በኋላ በማኅበርም፣ በእድርም አስመራጭ ሆኜ ብዙ ድምፅ ቆጥሬአለሁ። ዛሬ የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም፤ አንድ ጊዜ ግን ነበርኩ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በእኛ አገር መራጩ ሕዝብ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 56 እና 73 መሠረት ደግሞ የመንግሥትን ሥልጣን የሚይዘው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘው የፖለቲካ ድርጅት ወይም ጣምራ ድርጅት ነው። እንግዲህ አብላጫው የአንድ ፓርቲ በሆነ ጊዜ፣ አገሪቱን የሚመራው ሰው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚታወቀው ከምክር ቤቱ አዳራሽ ሳይሆን ፓርቲው ከሚሰበሰብበት አዳራሽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ይህንን የተረዱት ይመስለኛል፤ ስለ መምረጥና መመረጥ መብት የሚደነግገው አንቀጽ 38 በንዑስ አንቀጽ 3 ላይ በፖለቲካ ድርጅቶች፣ በሠራተኞች፣ በአሠሪዎችና በሙያ ማኅበራት ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚካሄድ ምርጫም ነጻና ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛልና። ሳስተምር ስለ አንቀጽ 38 ስጠይቅ ንዑስ አንቀጽ 1ን ከሞላ ጎደል ሁሉም ተማሪ ያውቀው ነበር፤ ሦስተኛውን የሚያስታውስ ግን አንድም አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን በደንብ ያጤንኩት በ2010 ዓ.ም ነው።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነትና በጊዜው ገዢ ግንባር ከነበረው ከኢሕአዴግ ሊቀመንበርነት ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ከዚያን ዕለት አንሥቶ እስከ መጋቢት 18 ቀን ድረስ፣ አርባ ቀን ሙሉ፣ አገሩ ሁሉ የአንድ ድርጅት ምክር ቤት ስብሰባ የሚያበቃበትን ሰዓት ሲጠባበቅ ቆየ። በመጨረሻው ምሽት ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ የኢሕአዴግ ሊቀመንበር ሆነው መመረጣቸው ሲነገር ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ከአጠገቤ መረባቸውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ከእግራቸው ሥር ያስቀመጡ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። እርሳቸው አላጨበጨቡም፤ ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ እኔ ዘወር አሉና፣ «መምህር፣ ለመሆኑ መራጮቹ ስንት ናቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምክር ቤቱ አባላት 180 እንደሆኑ፣ አራቱ አባል ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 45 ሰው እንደሚወክሉ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እነርሱንስ ማን መረጣቸው?» አሉኝ። ጉባኤው ነው አልኳቸው። «ጉባኤተኛውንስ?» አሉኝ። ይህን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ፤ ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰው ሆኜ እዚህ ላይ መቆሜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያ ምርጫ ውጤት ግን አንድ መልካም ነገር ነበረው። ዶክተር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ ማግኘታቸው ለሕዝብ ተነገረ፤ አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከእጩነት ማግለላቸውም እንዲሁ ታወቀ። በዚያን ጊዜ በግንባሩ ውስጥ ስንት ሰው በአንድ ወገን፣ ስንቱ በሌላው ወገን እንደቆመ አንድ ተራ ዜጋ ቁጥሩን አይቶ መረዳት ይችል ነበር። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ በሐዋሳው ጉባኤ ግን እኚሁ ሊቀመንበር ከ177 ድምፅ 176ቱን አገኙ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቁጥር እንደ ታላቅ ድል ቆጠረው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እኔ የምይዘው የመጀመሪያውን ነው። ያ ቁጥር በድርጅቱ ውስጥ ልዩነት እንዳለ፣ ልዩነቱም ተቆጥሮ ሊነገር እንደሚችል አሳይቶኛል። ከሁለተኛው ቁጥር የተማርኩት ነገር ግን የለም፤ ለሌሎቹ እጩዎች ተሰጥቶ የነበረው 61 ድምፅ በስድስት ወር ውስጥ ወዴት እንደሄደ፣ ሰዎቹ አሳባቸውን ለውጠው ይሁን ዝምታን መርጠው ወይም በሌላ ተተክተው፣ ቁጥሩ አይናገርም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በፊት ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ የአንድ ፓርቲ አባል ነበርኩ፤ የገባሁትም ማንም ሳያስገድደኝ አምኜበት ነው። በትምህርት ቤታችን ከነበረው መሠረታዊ ድርጅት፣ ማለትም ከፓርቲው የታችኛው እርከን፣ ተወክዬ ወደ ጉባኤ ሄድኩ። «ተወከልኩ» ማለቴ ቃል ስላጣሁለት ነው እንጂ ውክልናው እንዲህ ነበር፦ ከሥራ ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሰብሳቢያችን «ከላይ ሦስት ሰው ላኩ ተብለናል፤ እኔ፣ ምክትሌና መምህር እገሌ ብንሄድ ምን ይመስላችኋል?» አሉ፤ አንዱ «ጥሩ ነው» አለ፣ ሌላው አጨበጨበ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተበተንን። መምህር እገሌ የተባልኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት መሪ እንፈልጋለን ብሎ የነገረኝ ባልደረባ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስመለስም ማንን እንደመረጥኩ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የጠየቁኝ ስለ ውሎ አበሉ ብቻ ነው።

ጉባኤው የተካሄደው እዚሁ ባሕር ዳር ነበር። ምርጫው የደረሰው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከሻይ ዕረፍት ተመልሰን እንደተቀመጥን በየረድፉ ጫፍ ያሉት የቡድን አስተባባሪዎች አንዲት የታጠፈች ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉ፤ እኔ ጋ ስትደርስ ከፍቼ አየኋት፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ በተራ ቁጥር የተጻፉ ስሞች ነበሩባት፤ ቀጥሎ ላለው ሰጠሁ። መድረክ መሪው «ጥቆማ ክፍት ነው» ከማለታቸው ከፊተኛው ረድፍ አንድ እጅ ተነሣና በተራ ቁጥር አንድ ያለውን ስም ጠራ። ሁለተኛው እጅ ሁለተኛውን ጠራ። እንዲህ እያለ የሚመረጡት ሰዎች ቁጥር ልክ ሲሞላ ከአዳራሹ መሀል «ጥቆማው ይብቃ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከግራም ከቀኝም «ይብቃ! ይብቃ!» ተባለ። በዚህ መሀል ከኋላ ከገጠር ወረዳ የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ቆመው ነበር። መድረክ መሪው በትሕትና «እናቴ፣ ጥቆማው ተዘግቷል» አሏቸው። እጃቸውን አወረዱ፤ ለመቀመጥ ግን ጊዜ ወሰደባቸው፤ ዙሪያቸውን እየተመለከቱ ለጥቂት ጊዜ እንደቆሙ ቀሩ። ከዚያ ድምፅ በእጅ ተሰጠ። ድጋፍ ሲባል አዳራሹ በእጅ ተሞላ፤ የእኔም እጅ ከዚያ ውስጥ ነበር። ተቃውሞ ሲባል የለም፤ ድምፀ ተአቅቦ ሲባል የለም፤ ጭብጨባ። ማታ እኚያን እናት ማንን ሊጠቁሙ እንደነበር ለመጠየቅ በእራት ቦታው ፈለግኋቸው፤ አላገኘኋቸውም።

በዚያ ቀን በአዳራሹ ውስጥ ማንም ሰው ድምፅ አላጭበረበረም። አንድም ኮሮጆ አልተሰረቀም፤ ቆጠራው ትክክል ነበር፤ ቃለ ጉባኤውም የሆነውን ጽፏል። ምርጫው ያለቀው ከዚያ በፊት ነበር፤ ግማሹ በቤተ መጻሕፍታችን በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ የቀረው ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ በተጻፈችው ወረቀት ላይ። ስለ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ በተነሣ ቁጥር የአዳራሹን ድምፅ ብቻ የሚመለከት ክርክር የማያረካኝ በዚህ ምክንያት ነው። ዋናው ጥያቄ ጉባኤተኛው ከሕዋስና ከመሠረታዊ ድርጅት እንዴት ተመርጦ መጣ፣ እጩውን ማን ጠቆመ፣ ጥቆማውስ መቼና በማን ትእዛዝ ተዘጋ የሚለው ነው።

በእጅ መምረጥን የሚደግፉ የቀድሞ ጓዶቼ «በትግል ጓዶች መካከል መደባበቅ ምን ይባላል? ግልጽነት የሚባለው ይህ ነው» ይሉኝ ነበር። ይህ አነጋገር ቅን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እኛ ይሉኝታ ያለብን ሰዎች መሆናችንን ይዘነጋል። ልጁን ክርስትና ያነሣህለትን፣ በለቅሶህ ድንኳን የተከለልህን፣ ነገ የዕድገት ቅጽህ ላይ የሚፈርመውን ሰው ፊት ለፊት እያየህ እጅህን በእርሱ ላይ ማውጣት ለስንቱ ይቀላል? በአገራችን ደግሞ የፓርቲ አባልነት ከሹመትና ከእንጀራ ጋር ተቆራኝቶ ስለኖረ ይሉኝታው ላይ ፍርሃት ይጨመርበታል።

ይህንን በሰፈራችን እድር አይቼዋለሁ። የእድሩ ዳኛ ደግ፣ የተከበሩ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በየዓመቱ በእጅ ምርጫ ይደረጋል፤ በየዓመቱ ሁሉም እጁን ያወጣላቸዋል፤ ከዚያም በየቤቱ ስለ ሒሳብ አያያዛቸው ይታማል። እኔ አስመራጭ የሆንኩ ዓመት ሌላም እጩ ስለቀረበ በምስጢር እንምረጥ ብለን ተስማማን። ከአባላቱ ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ወረቀቱን ትተን ሁለት የዘይት ቆርቆሮ አመጣን፤ በአንዱ ላይ ዓሣ፣ በሌላው ላይ ታንኳ በነጭ ቀለም ሣልን። ድንኳኑና ወንበሩ ከሚቀመጥበት መጋዘን በር ላይ ጋቢ ጋረድን፤ እያንዳንዱ አባል አንዲት ሽምብራ ተሰጥቶት ብቻውን ይገባል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ወጣት አስገብተን ስንሞክር ሽምብራዋ ቆርቆሮው ውስጥ ስትወድቅ ቋ ብላ ጮኸች፤ የቀኙና የግራው ድምፅም ይለያል፤ ደጅ የቆመ ሰው ማን የት እንደጣለ ሊያውቅ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ቆርቆሮ ሥር ጨርቅ አነጠፍንበት። ምስጢራዊ ምርጫ ማለት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ እንደሆነ የተረዳሁት ያን ቀን ነው፤ ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ ያ ጨርቅ አስተምሮኛል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ከጋቢው ኋላ ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ዛሬ ማንንም ሳላስቀይም የልቤን አደረስኩ» አሉኝ።

ሲቆጠር ዳኛው 63፣ ተወዳዳሪያቸው 41 ሽምብራ አገኙ። ዳኛው ማሸነፋቸው ሲነገር ፈገግ አሉ፤ 41 የሚለውን ሲሰሙ ግን ዝም ብለው ቁጥሩን ደግመው ጠየቁኝ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሒሳብ መዝገቡ በየስብሰባው ተከፍቶ ይነበብ ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። ለአሥራ ሰባት ዓመት ያልሰሙትን ነገር በአንድ ከሰዓት ሰምተውት ነው።

ወደ ፓርቲዎቹ ስመለስ፣ የእጅ ማውጣቱ ልማድ ታሪክ አለው። በንጉሡ ዘመን በፓርቲ መደራጀት አልነበረም፤ የፓርላማ እጩዎችም በግላቸው ነበር የሚወዳደሩት። የመጀመሪያው ገዢ ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) በ1977 ዓ.ም መባቻ ሲመሠረት ዋና ጸሐፊው ማን እንደሚሆን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ከተማሪዎች ንቅናቄ የተወለዱት ድርጅቶችም ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚሉትን መርሕ ይዘው ወደ ጫካ ገቡ፤ ይዘውትም ወደ ቤተ መንግሥት መጡ። መርሑ ከውሳኔ በፊት ነጻ ውይይት፣ ከውሳኔ በኋላ አንድ አቋም ይላል። ጠመንጃ ይዞ በገደል ለሚዋጋ ድርጅት ምክንያቱ ይገባኛል። በሰላም ጊዜ አገር በሚያስተዳድር ፓርቲ ውስጥ ግን የፊተኛው ግማሽ እየሟሸሸ ሄዶ የቀረው የኋለኛው ነው።

አቶ ኃይለማርያም መልቀቂያ በጠየቁበት በዚያው ሳምንት በደቡብ አፍሪካ ጃኮብ ዙማ ከፕሬዚዳንትነት መልቀቃቸውን የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። እንዲያውም ሲሪል ራማፎሳ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በዚያው በየካቲት 8 ቀን ነው። በዚያ አገር የተተኪው ማንነት ያልተሰወረው ሁለት ወር ሳይሞላ በፊት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ጉባኤ ራማፎሳን በ2,440 ድምፅ፣ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማን በ2,261 ድምፅ አወዳድሮ ስለነበረ ነው። ልዩነቱ 179 ብቻ ነው። የፓርቲው ቅርንጫፎች ማንን እንደጠቆሙ ከጉባኤው በፊት ለወራት በይፋ ሲነገር ቆይቷል። ገንዘብ በምርጫው ውስጥ እጁን አስገብቷል የሚል ክስ አልጠፋም፤ ይህንን አልሸሽግም። ቢሆንም ለዓሣ አስጋሪው ጥያቄ የደቡብ አፍሪካ መምህር መልስ አያጣለትም፤ ጉባኤተኛውን የላከው ቅርንጫፉ ነው፣ ቅርንጫፉም የጠቆመው ይህንን ሰው ነው ሊላቸው ይችላል።

የመራጩ ቁጥር መብዛት ብቻውን ጥሩ መሪ ያመጣል ማለቴ ግን አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም መጨረሻ የእንግሊዝ ወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት ሊዝ ትረስን በ81,326 ለ60,399 ድምፅ መረጡ፤ የፓርቲው የፓርላማ አባላት ግን በመጨረሻው ዙራቸው ያስቀደሙት ተሸናፊውን ሪሺ ሱናክን ነበር። ተመራጯ በሥልጣን ላይ የቆዩት 49 ቀን ነው። ጉባኤ ይምረጥ ወይስ አባላት ሁሉ የሚለው ስለዚህ በቅንነት ሊከራከሩበት የሚገባ ነው፤ እኔ ወደ ጉባኤው አደላለሁ፤ ጉባኤተኛው በእውነት ተመርጦ የመጣ እስከሆነ ድረስ።

በአገራችንም ቢሆን የተሞከረ ነገር የለም አልልም። ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ) ሲመሠረት የመሪነትንና የሊቀመንበርነትን ቦታ ለያይቶ አደረጃጀቱን በምርጫ ወረዳ ላይ አቆመ፤ በ2014 ዓ.ም ጉባኤው ደግሞ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት በይፋ ተወዳድረው ፕሮፌሰር ብርሃኑ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ከፓርቲው የወጡ አሉ፤ ውድድሩ መደረጉ ግን መመዝገብ ያለበት ነው። በዚህችው በባሕር ዳር በሰኔ 2010 ዓ.ም የተመሠረተው አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሊቀመንበርነቱ ከዶክተር ደሳለኝ ጫኔ ወደ አቶ በለጠ ሞላ ዞረ፤ ዶክተር ደሳለኝም ከወንበሩ ከወረዱ በኋላ በ2013ቱ ምርጫ ባሕር ዳርን ወክለው ፓርላማ ገቡ። የቀድሞ ሊቀመንበር አገር ሳይለቅ፣ ሳይታሰር፣ ሌላ ፓርቲ ሳያቋቁም በሥራው ሲቀጥል ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ የአንድነት ፓርቲን የሚያስታውስ ሁሉ በአመራር ምርጫ ላይ የተነሣ ውዝግብ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ በጥር 2007 ዓ.ም፣ ጠቅላላ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው፣ ምርጫ ቦርድ ለአንደኛው ወገን ብቻ እውቅና ሰጠ፤ ፓርቲውም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በቦርዱ ውሳኔ አልተስማማሁም ነበር፤ ዛሬም አልስማማም። ነገር ግን የጉባኤ አሠራር ለጥያቄ ክፍት የሆነ ፓርቲ ዕጣ ፋንታውን ለሌላ እጅ አሳልፎ እንደሚሰጥ ከዚያ ተምሬአለሁ።

ከፍ ያለ ክብደት ያለው መቃወሚያ አንድ ብቻ ነው። «በዚህ በጭንቅ ጊዜ ውድድር ፓርቲን ይከፍላል፤ የተከፈለ ፓርቲ ደግሞ አገር ይከፍላል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ የማከብራቸው አሉ። ስጋታቸውን አቅልዬ አላየውም። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በስብሰባ ላይ ሳሉ በተፈጸመባቸው ጥቃት ሕይወታቸውን ያጡበትን ዕለት አንረሳውም፤ የተኩሱን ድምፅ በጆሯችን የሰማን ሰዎች ዛሬም አለን። የፓርቲ ምርጫ ያንን ያስቀር ነበር ብዬ አልናገርም፤ አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የምለው ይህ ነው፦ በአንድ ድርጅት ውስጥ ልዩነት መኖሩ አይቀርም። 41 ሰው የተለየ አሳብ ካለው፣ 41 መሆኑን በቆርቆሮ ውስጥ ቆጥሮ ማወቅና 41 መሆኑን ሳያውቁ መኖር ለመሪው እኩል አይደሉም። ተቆጥሮ የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና እመጣለሁ ይላል። እጁን አውጥቶ ቆሞ «ተዘግቷል» የተባለ ሰው ግን ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ እኔም እኚያን እናት ፈልጌ አላገኘኋቸውም።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት 4,000 አባላት ይጠይቃል፤ ፊርማውም ይመረመራል። ለምሥረታ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሥርዓት ለመሪ ምርጫም እንዲጠነቀቅ እመኛለሁ፤ የጉባኤተኞቹ ስም ከየትኛው መሠረታዊ ድርጅት እንደመጡ ከነድምፅ ቁጥራቸው ቢያንስ ለአባላቱ ቢገለጽ፣ እጩዎች ከጉባኤው ከሳምንታት በፊት ታውቀው አሳባቸውን በየወረዳው ቢያስረዱ፣ ጥቆማው በጩኸት ሳይሆን በሰዓት ቢዘጋ፣ የድምፁ ውጤት በዚያው ቀን በቁጥር ቢነገር ማንም አይጎዳም። ወጪውም ጥቂት ወረቀትና ጥቂት መጋረጃ ነው።

ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ደብዳቤዬንም የላክሁት በዋናነት ለዚህ ነው። ባሕር ዳር የጉባኤ ከተማ ናት፤ ከኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች አንዱ የነበረው ብአዴን ስሙን ወደ አዴፓ የለወጠው በመስከረም 2011 ዓ.ም እዚሁ በተካሄደው 12ኛ ጉባኤው ነው፤ ወደፊትም እንግዶች ይመጣሉ፣ ሆቴሎቹ ይሞላሉ፣ ዘጋቢዎቻችሁም በአዳራሹ በር ላይ ይቆማሉ። በዚያን ጊዜ መሪ ቃሉንና የአቋም መግለጫውን ከጻፉ በኋላ፣ የገዢውም ሆነ የተቃዋሚው ፓርቲ ጉባኤ ይሁን፣ የአስመራጭ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ይፈልጉልኝ። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ለአንዱ ቦታ ስንት ስም እንደነበር ይጠይቁልኝ። ከዚያም ከኋላ ረድፍ ከተቀመጡት ጉባኤተኞች አንዱን ጠርተው እርሱን ማን እንደላከው፣ በስንት ድምፅ ተመርጦ እንደመጣ ይጠይቁልኝ። የሚመልሱላቸውን መልስ፣ መልስ ካልሰጡም አለመስጠታቸውን፣ በዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ አትሙት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር